ከበረራ በፊት በምድር ስለሚደረገው ፈተና

ተማሪ አብራሪ ከአሠልጣኙ ተለይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ወደ አየር ከመውጣቱ አስቀድሞ፣ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዞ የሚፈተንበት አንድ ሰዓት አለ። በዚህ ሰዓት ፎቶግራፍ የሚያነሣ የለም፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ እልልታውን አያሰማም፤ ተማሪው ብቻውን በርሮ በደኅና ሲመለስ ባልንጀሮቹ በራሱ ላይ እንደሚያፈሱት ውሃ ያለ የደስታ ሥርዐትም አልተሠራለትም። ከዚህም የተነሣ ብዙዎች፣ ተማሪዎቹና ወላጆቻቸው ብቻ ሳይሆኑ አንዳንድ ጊዜ አሠልጣኞቹም ጭምር፣ ይህን ፈተና ዋናው ነገር እስኪደርስ ድረስ የሚታለፍ የወረቀት ጣጣ አድርገው ይመለከቱታል። እኔ ግን፣ ተማሪው የሚነሣበትን ሜዳና የሚይዘውን አውሮፕላን ለይቶ የማይጠይቅ፣ የተሳተውም መልስ ሁሉ ፈራሚው አሠልጣኝ ባለበት ተመርምሮ ያልታረመበት ፈተና፣ ከመቶ ዘጠና አምስት ቢገኝበት እንኳ እንዳልተደረገ የሚቈጠር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም የምለው ስለምን እንደ ሆነ ከዚህ ቀጥዬ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በዚህ ጕዳይ ከማውቃቸው ሕጎች ሁሉ ልቡናዬ የሚያርፍበት የአሜሪካው ነው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ስለ አብራሪዎች ፈቃድ ያወጣው ደንብ፣ በክፍል 61 አንቀጽ 87፣ ተማሪው ለብቻው ከመብረሩ በፊት ዕውቀቱ በፈተና እንዲረጋገጥ ያዛል፤ ፈተናውን የሚሰጠውና የሚያርመው ግን ከማእከል የተላከ እንግዳ ፈታኝ ሳይሆን፣ ከተማሪው ጎን ተቀምጦ ሲያስተምረው የከረመው፣ ነገም ከአውሮፕላኑ ወርዶ በሩን የሚዘጋለት ያው አሠልጣኙ ነው። ጥያቄዎቹም ሦስት ነገሮችን እንዲመለከቱ ታዝዟል፤ ይኸውም አብራሪነትንና በረራን የሚገዙት የደንቡ ክፍሎች፣ ተማሪው ብቻውን በሚበርበት በዚያ በተወሰነው አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ክልል ሥርዐት፣ የሚያበረውም አውሮፕላን በሠሪውና በዓይነቱ ተለይቶ ጠባዩና የዐቅሙ ወሰን ናቸው። ደንቡ ይህን ያህል ሲዘረዝር የማለፊያ ነጥብ አልወሰነም፤ ለብቻ ለመብረር የሚያበቃ የሰዓት ቍጥርም አላስቀመጠም። በዚህ ፈንታ ያስቀመጠው አንድ አጭር ትእዛዝ ነው፤ ፈተናው ሲያበቃ አሠልጣኙ የተሳቱትን መልሶች ሁሉ፣ አንዱንም ሳያስቀር፣ ከተማሪው ጋር ካልመረመረ በቀር የብቻ በረራ እንዳይፈቅድ። ከዚያም በኋላ በተማሪው መዝገብ ላይ የሚያሰፍራት ፊርማ የምትጸናው ለ90 ቀን ብቻ ነው፤ ዕውቀት ካልታደሰ እንደሚሻግት ሕግ አውጪዎቹ የተረዱት ይመስላል።

እኛ በትምህርት ቤት ያደግነው በማለፊያ ነጥብ ነው። ከመቶ ኀምሳ ያገኘ አለፈ እየተባለ ያደገ ሰው፣ ያልመለሰው ግማሽ ወዴት እንደ ሄደ ጠይቆ አያውቅም፤ ታሪክን ወይም ጂኦግራፊን በግማሽ ዐውቆ መኖር ይቻላልና ጕዳቱም በግልጽ አይታየውም። በካናዳ ተማሪው ለብቻው ከመብረሩ በፊት 50 ጥያቄ ቀርቦለት 90 ከመቶውን፣ ማለት 45ቱን፣ እንዲመልስ ይጠየቃል፤ በእንግሊዝ አገር ለግል አብራሪነት የሚሰጡት ዘጠኝ የጽሑፍ ፈተናዎች ማለፊያቸው 75 ከመቶ ነው። እነዚህ ከእኛ ልማድ ጋር ሲነጻጸሩ ከፍ ያሉ ነጥቦች ናቸው፤ ነገር ግን ነጥብ ምንም ያህል ከፍ ቢል፣ የተሳቱት አምስቱ የትኞቹ እንደ ሆኑ አይናገርም፤ ከአምስቱም አንዱ ሞተሩ በድንገት ጸጥ ሲል የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወዴት መያዝ እንደሚገባው የሚጠይቅ ከሆነ፣ በትክክል የተመለሱት አርባ አምስቱ ተሰብስበው ሊያድኑት አይችሉም። ደግሞም የካናዳው 50 ጥያቄ የሚወጣው አስቀድሞ ታትሞ ለሁሉ ከተገለጠ 200 ጥያቄ መካከል ነው። ትጉህ ተማሪ በዚህ ብዙ ይጠቀማል፤ ሰነፉ ግን ጥያቄውን በቅጡ ሳያነብ የመልሱን ፊደል ብቻ፣ ይህ «ሀ» ነው፣ ያ «ሐ» ነው እያለ ይሸመድዳል፤ እንዲህ ያለውም ተማሪ በየአገሩ፣ በአገራችንም ጭምር፣ ሞልቷል።

ነገሩን ከቅርብ ለማየት አንዲት ጥያቄ እናንሣ። የብዙዎቹ ትንንሽ የመማሪያ አውሮፕላኖች ቤንዚን ከሌላው እንዲለይ ሰማያዊ ቀለም የተቀላቀለበት ነው፤ አብራሪውም ከመነሣቱ በፊት ከክንፉ ሥር ካለችው ማፍሰሻ ጥቂት ነዳጅ በምታሳይ ጽዋ ቀድቶ፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ይመረምረዋል። በነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ ውሃ ገብቶ እንደ ሆነ፣ ውሃ ከቤንዚን ይከብዳልና ከጽዋው ግርጌ ይቀመጣል፤ በሁለቱም መካከል የሚለያቸው መስመር ይታያል። እንግዲህ አሠልጣኙ፣ «በጽዋው ውስጥ የሚለያይ መስመር ባታይ ምን ትፈርዳለህ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ነገሩን ያላሰላሰለ ተማሪ ያለ ማመንታት፣ «ነዳጁ ንጹሕ ነው» ብሎ ይጽፋል። መልሱ ስሕተት ነው፤ ጽዋዋ እስከ አፏ ውሃ ብቻ ብትሞላም መስመር አይታይባትምና። ነጥብ ቈጣሪ ፈታኝ እዚህ ላይ የኤክስ ምልክት አድርጎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። ሕጉ እንደሚያዘው የሚያርም አሠልጣኝ ግን ተማሪውን ከጠረጴዛው አስነሥቶ ወደ አውሮፕላኑ ይወስደዋል፤ ጽዋዋን በነጩ ክንፍ ፊት አስይዞ ሰማያዊነቱን በዐይኑ፣ ሽታውንም በአፍንጫው እንዲለይ ያደርገዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ በዕድሜው ሙሉ የጽዋውን ቀለም ሳያይ የሚነሣ አይመስለኝም። አንዲት የተሳተች መልስ በደንብ ስትታረም፣ በዕድል ከተመለሱ ዐሥር መልሶች ይልቅ ትጠቅማለች የምለው ስለዚህ ነው።

ጥያቄዎቹ ከሜዳው ጋር ይስማሙ የሚለው ሁለተኛው ነገር ደግሞ ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ የሚማር የአገራችን ልጅ፣ ከመስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ጥፋት ወዲህ በዋሽንግተን ዙሪያ በ30 የባሕር ማይል ውስጥ የተሠራውን ልዩ የበረራ ሥርዐት ካላወቀ፣ ሌላውን ሁሉ ቢያውቅ ብቻውን ሊለቀቅ አይገባውም፤ ይህ ጥያቄ በቴክሳስ ለሚማረው ወንድሙ የዚያን ያህል አያስጨንቅም። ለእኛ ለደጋ ሰዎች ግን ትልቁ ጥያቄ ስለ ክልል ሳይሆን ስለ ከፍታ ነው።

አብዛኞቹ የበረራ መጻሕፍትና የአውሮፕላን መመሪያዎች የተጻፉት ሜዳቸው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል ሰዎች ነው። በተማሪዎች ዘንድ እጅግ የታወቀችው የሴስና 172 መመሪያ፣ ለመነሣት በሚደረገው ዝግጅት ወደ ሞተሩ የሚገባው የነዳጅ መጠን ሙሉ እንዲሆን ያዝዛል፤ ቀጥሎም በቅንፍ ውስጥ፣ ከ3,000 ጫማ በላይ ሲሆን ግን ሞተሩ ከፍተኛውን ዙር እስኪያገኝ ድረስ ነዳጁ እንዲቀነስ ይናገራል፤ አየሩ በሳሳበት ስፍራ ሙሉ ነዳጅ ለሞተሩ ሸክም እንጂ ኀይል አይሆነውምና። የአዲስ አበባው የቦሌ ሜዳ ከባሕር ወለል ከ7,600 ጫማ በላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስለ ሆነ፣ ሌላው ዓለም በቅንፍ ያስቀመጠው ለእኛ ዋናው ሕግ ይሆናል፤ ዋናው ሕግ ደግሞ እንዳለ ቢፈጸም ስሕተት ይሆንብናል። ከውጭ የመጣ የጥያቄ መጽሐፍ የሸመደደ ተማሪ፣ «ሙሉ» ብሎ ሲመልስ በመጽሐፉ ሚዛን አልተሳሳተም፤ በቦሌ ሜዳ ግን ተሳስቷል፤ ይህንንም የሚያውቅለት ያን ሜዳ የሚያውቀው አሠልጣኙ ብቻ ነው።

ሒሳቡን እናስላው። ለመለኪያ በተወሰነው የአየር ሥርዐት የባሕር ወለል ሙቀት 15 ዲግሪ ሲሆን፣ በየ1,000 ጫማው ሁለት ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ በቦሌ ከፍታ ላይ የሚጠበቀው ሙቀት ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። በመጋቢት ወር ከቀትር በኋላ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ቢደርስ፣ ከመለኪያው በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ያህል ይጨመርበታልና፣ አውሮፕላኑ ጎማው መሬት ላይ ተቀምጦ ሳለ ከ10,600 ጫማ በላይ ያለ ያህል ይሰማዋል። ሞተሩ ኀይሉ ይደክማል፤ ክንፉም ማራገቢያውም የሚቀዝፉት አየር ይሳሳል፤ መንደርደሪያው ይረዝምበታል፤ ከተነሣም በኋላ የሚወጣው እያዘገመ ነው፤ እንጦጦ ግን ለሙቀቱ አዝኖ ዝቅ አይልም። ድሬዳዋ ቈላ ነው ብሎ የሚዘናጋም ቢኖር፣ ሜዳው ወደ 3,800 ጫማ የሚጠጋ ከፍታ ስላለው በ35 ዲግሪ ሙቀት ከ7,000 ጫማ በላይ እንደ ሆነ አስልቶ ይመልከት።

ከዚህም የሚብስ፣ ዐይንን የሚያታልል አንድ ነገር አለ። አየሩ በሳሳ ጊዜ የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየውና አውሮፕላኑ በእርግጥ የሚሄደው ፍጥነት ይለያያሉ፤ በዚያ ሞቃት ቀን መለኪያው 65 ኖት ሲያሳይ፣ አውሮፕላኑ በእውነት የሚገሠግሠው ወደ 76 ኖት በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ለማረፍ የተቃረበ ተማሪ መሬቱ ከጠበቀው ፈጥኖ ወደ ኋላ ሲሸሽ ባየ ጊዜ፣ «በዛብኝ» ብሎ መሪውን ወደ ራሱ ይስባል፤ መለኪያው ወደ 50 ይወርዳል፤ ክንፉ አየሩን ይለቃል፤ አብራሪዎች «ስቶል» የሚሉት የመውደቅ መጀመሪያ ይህ ነው። ዐይኑ አልዋሸም፤ መሬቱ በእርግጥ ፈጥኗል፤ ነገር ግን አውሮፕላኑን የሚያቆመው መሬቱ ሳይሆን አየሩ ስለ ሆነ፣ ሊታመን የሚገባው መለኪያው ነበር። ይህን በአየር ላይ ለመማር መሞከር ክፉ ነው፤ በጠረጴዛ ዙሪያ በአንዲት ጥያቄና በሩብ ሰዓት ማብራሪያ ግን በደኅና ይጨበጣል።

ከጥያቄዎች ሁሉ እኔ አብልጬ የምወዳት ደግሞ፣ አሠልጣኙ ስለ ራሱ የሚጠይቃት ናት፤ «እኔ ስወርድ ምን ይለወጣል?» የምትለዋ። ቀላል ትመስላለች። ሰባ ወይም ሰማንያ ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ ጭነቱ ሁሉ ተደምሮ 1,157 ኪሎ ግራም ከማያልፍ አውሮፕላን ላይ ሲወርድ፣ አውሮፕላኑ ከለመደው ቦታ ቀድሞ ይነሣል፤ ከለመደው ቦታ ቀድሞም የዙሪያ በረራውን ከፍታ ይደርሳል፤ ለማረፍም ሲመጣ በመንደርደሪያው ላይ ይንሳፈፋል እንጂ ቶሎ አይቀመጥም። በቦሌ ሜዳ ይህ ቅለት ምሕረት ነው፤ ያልተነገረው ተማሪ ግን፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በተቀመጠባት በዚያች ደቂቃ የአውሮፕላኑ ጠባይ ሲለወጥበት ይደነግጣል፤ ድንጋጤውንም የሚያካፍለው ሰው አጠገቡ የለም።

ይህን ስል ግን በቃል መያዝን ሁሉ የምነቅፍ መስሎ እንዳይታይ ጥቂት ልጨምር። የአብነት ትምህርት ሊቃውንት ንባብንና ትርጓሜን ለይተው፣ ሁለቱንም በየስፍራቸው አክብረው እንዳቈዩልን፣ የበረራም ትምህርት ሁለት ወገን አለው። አውሮፕላኑ በ1,000 ጫማ ላይ ሳለ ሞተሩ ቢጠፋ፣ ተማሪው መሬት እስኪደርስ ያለው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ በዚያች ደቂቃ መጽሐፍ ገልጦ የሚመለከትበት ፋታ የለምና፣ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ አውሮፕላኑ ያለ ሞተር እጅግ ርቆ በሚንሳፈፍበት ፍጥነት ማጽናት፣ የሚያርፍበትን ሜዳ መምረጥ፣ የነዳጁን መክፈቻና የማስነሻውን ቍልፍ መመርመር፣ ጊዜ ከተረፈም በራዲዮ መናገር፣ ይህ ሁሉ በቅደም ተከተሉ እንደ ዳዊት በቃል የተያዘ ሊሆን ይገባል። ነገር ግን ይህ ንባቡ ነው። ገና በተነሣ ጊዜ በ300 ጫማ ላይ ሞተሩ ቢከዳው፣ ያ የተለቀቀው መንደርደሪያ ከኋላው እየታየው ሳለ ስለምን ወደ እርሱ ለመመለስ እንዳይሞክርና ፊት ለፊት ወዳገኘው ገላጣ ስፍራ እንዲወርድ እንደሚታዘዝ፣ መዞሩ ምን ያህል ከፍታ እንደሚበላበት፣ በገዛ ቃሉ ማስረዳት ያልቻለ ተማሪ ትርጓሜው ገና አልገባውም። በዚህም ምክንያት፣ የጽሑፉ ፈተናና የራዲዮው ንግግር በእንግሊዝኛ ቢሆን እንኳ፣ እርማቱ አሠልጣኙና ተማሪው በሚነጋገሩበት በአማርኛ ቢደረግ እመርጣለሁ፤ በባዕድ ቋንቋ የተሸመደደ ሐረግ ባለማወቅ ላይ መጋረጃ ሊሆን ይችላልና።

ንባብን ቢሆን ሰው በትዝታው ብቻ ሊታመንበት እንደማይገባ በ1928 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት ጥቅምት 19 ቀን፣ ጠላት መረብን ተሻግሮ አገራችንን ከወረረ አንድ ወር ሳይሞላ፣ በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በራይት ፊልድ ሜዳ፣ ቦይንግ የሠራው ሞዴል 299 የተባለው ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን በሙከራ ላይ ሳለ እንደ ተነሣ ወዲያው ወደቀ። መሪውን የያዘው ሻለቃ ፕሎየር ሂል ጀማሪ አልነበረም፤ የታወቀ የሠራዊቱ የሙከራ አብራሪ ነበር፤ የጥፋቱም ምክንያት፣ አውሮፕላኑ በምድር ሲቆም ነፋስ እንዳያንገላታቸው መቅዘፊያዎቹን የሚይዘው መቈለፊያ ሳይፈታ መቅረቱ ነው። አብራሪዎች እያነበቡ የሚፈጽሙት «ቼክሊስት» ሥር የሰደደው ከዚህ ወዲህ ነው።

«ማረፍን የሚያስተምር እጅና ዐይን ነው እንጂ ወረቀት አይደለም» የሚሉ አሠልጣኞች አሉ፤ በሚሉት ነገር እውነት አላቸው። ነገር ግን ከአሠልጣኝ ጋር ባለፉት ሰዓታት ሁሉ ያልገጠመ ነገር በመጀመሪያው የብቻ በረራ ሊገጥም ይችላል። ራዲዮው በድንገት ቢዘጋ፣ ተማሪው ወደ መቈጣጠሪያው ማማ ተመልክቶ ከዚያ የሚላክለትን የመብራት ምልክት ማንበብ አለበት፤ ያልተቋረጠ አረንጓዴ ሲያይ ማረፍ እንደ ተፈቀደለት፣ ያልተቋረጠ ቀይ ሲያይ ለሌላው ቅድሚያ ሰጥቶ ዙሪያውን መዞር እንዳለበት፣ ቀዩ ብልጭ ድርግም ሲል ሜዳው አደገኛ ነውና እንዳያርፍ መነገሩን ማወቅ ይገባዋል። ይህን እጅ በልማድ አይማረውም።

የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች ያለዚህ ፈተና በርረዋል የሚልም ይኖራል። በእርግጥ ዊልበር ራይት፣ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሜሪላንድ፣ በኮሌጅ ፓርክ ሜዳ ያስተማራቸው ሁለት የአሜሪካ ሠራዊት መኰንኖች፣ ፍራንክ ላህምና ፍሬደሪክ ሃምፍሪስ፣ ጥቂት ሰዓታት ብቻ ተምረው ጥቅምት 16 ቀን 1902 ዓ.ም. ለየብቻቸው በርረዋል። የባልንጀራቸው የቤንጃሚን ፉሎይስ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ይህ መኰንን አንድ ሰዓት ያልሞላ የአየር ትምህርት ካገኘ በኋላ አውሮፕላኑን ይዞ ወደ ቴክሳስ፣ ወደ ሳን አንቶኒዮ፣ ራሱን በራሱ እንዲያስተምር ተላከ፤ የቸገረውንም ነገር ለራይት ወንድማማቾች በደብዳቤ እየጠየቀ፣ እነርሱም በደብዳቤ እየመለሱለት ቈየ። የዓድዋ ድል 14ኛ ዓመቱን በሞላበት ዕለት፣ የካቲት 23 ቀን 1902 ዓ.ም.፣ ብቻውን ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣ፤ ብቻውን ለመጀመሪያ ጊዜ ዐረፈ፤ በዚያው ዕለትም ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላኑን ከመሬት ጋር አጋጨ። ዕድሜ ሰጥቶት ኋላ የአሜሪካ የአየር ኮር አዛዥ ለመሆን በቃ፤ ነገር ግን አሠልጣኝ በጠረጴዛ ላይ ሊያርምለት የሚገባውን ለእርሱ ያረመለት የቴክሳስ መሬት ነው፤ እንዲህ ባለ እርማት የተረፉት ብቻ ታሪካቸው በደስታ ይነገራል።

የምድሩን ትምህርት ዋጋ ከሁሉ አብልጦ ያወቀ ሰው ቢጠራ ግን፣ እኔ ለአገራችን ባለውለታ የሆነውን ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንን አስባለሁ። «ቡናማው ኮንዶር» እየተባለ የሚጠራው ይህ ጥቁር አሜሪካዊ፣ በቺካጎ በነበረው የከርቲስ ራይት የበረራ ትምህርት ቤት ለመማር ቢያመለክት ስለ መልኩ ከለከሉት፤ እርሱም በዚያው ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥሮ፣ መጥረጊያውን እንደ ያዘ የክፍሉን ትምህርት ያዳምጥ እንደ ነበረ ይተረካል። በመጨረሻም ተቀብለውት ተመረቀ፤ በ1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በወረራው ዘመን የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኀይል አዘዘ፤ ከድል በኋላም ተመልሶ የእኛን ልጆች አሠለጠነ፤ በ1946 ዓ.ም. በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ በአዲስ አበባ ዐረፈ። ቀለሙ ከልክሎት ወደ አውሮፕላኑ መቅረብ ባልቻለበት ጊዜ ያን ያህል የተዋረደለት ትምህርት፣ ዛሬ ገንዘብ ከፍለው የሚማሩት ልጆች ቶሎ ይለፍልን የሚሉት ያው የሰሌዳ ትምህርት ነው።

የችኮላው ምክንያት ገንዘብና ክብር ነው፤ ይህን በግልጽ መናገር ይሻላል። በአሜሪካም ሆነ በካናዳ ልጁን በላቡ ዋጋ የሚያስተምር ወገናችን፣ ለአውሮፕላኑ ሰዓት ሲከፍል አያጕረመርምም፤ ልጁ ተቀምጦ ስለ ተፈተነበትና ስለ ታረመበት ሰዓት ሒሳብ ሲመጣበት ግን፣ «ሳይበር የምን ክፍያ ነው?» ይላል። አሠልጣኙም ቢሆን በበረራ ሰዓት የሚከፈለው ከሆነ፣ ስለ ጽዋውና ስለ ውሃው ሩብ ሰዓት ማብራራት ከኪሱ እንደሚወጣ ይሰማዋል። ክብሩ ደግሞ በሰዓት ቍጥር ነው፤ የእገሌ ልጅ በዘጠኝ ሰዓት ለብቻው በረረ፣ የእገሊት ልጅ በዐሥራ ስምንት ሰዓት ነው የተለቀቀችው እየተባለ በየቡናው ይወራል። ሕጉ ራሱ ያልቈጠረውን ሰዓት እኛ ስለምን እንደምንቈጥረው አይገባኝም፤ የአየሩ ጠባይ፣ የሜዳው ግርግር፣ የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደ ተማሩ፣ ይህ ሁሉ ቍጥሩን ይለውጠዋልና፣ ከቍጥሩ የልጁን ችሎታ የሚያነብብ ሰው ከንቱ ይደክማል።

እንግዲህ አሳቤ ይህ ነው። የአገራችን የበረራ ትምህርት ቤቶች፣ ከውጭ የመጡትን የጥያቄ መጻሕፍት ለልምምድ ያቈዩአቸው፤ ለመጀመሪያው የብቻ በረራ የሚሰጠውን ፈተና ግን አሠልጣኞቹ ራሳቸው ከየሜዳቸው ያውጡት፤ በቦሌ ከፍታ፣ በድሬዳዋ ሙቀት፣ በክረምቱ ደመናና በተራሮቹ ነፋስ ላይ ያቁሙት። የታረመው ወረቀት፣ ስሕተቶቹና ማስተካከያቸው እንደ ተጻፉበት፣ ከተማሪው መዝገብ ጋር ታስሮ ይቀመጥ፤ አንዲት ያልታረመች መልስ ካለች የአሠልጣኙ ፊርማ አይውረድ። በውጭ አገር ያላችሁ ወላጆችም፣ ልጃችሁ ለብቻው ሊበር ነው ሲባል ስልካችሁን አዘጋጅታችሁ ወደ ሜዳው ከመሄዳችሁ በፊት፣ በፈተናው የትኞቹን ጥያቄዎች እንደ ሳተና መልሳቸው ምን እንደ ሆነ ጠይቁት፤ ማስረዳት ካቃተው፣ የአንድ ተጨማሪ የምድር ሰዓት ዋጋ ሳትከራከሩ ክፈሉ።